የመኪናዬ መብራት ቢጫ ሆነብኝ ለምትሉ

አምፖሉ ይሠራል ወይ፣ ፊውዙ ደህና ነው ወይ የሚለውን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልነሳ። እዚህ የማወራው ስለ መብራቱ ፊት፣ ስለ ፕላስቲኩ ነው። የግቢያችንን፣ የዘመድ አዝማዱን፣ ከዚያም የዘመድ ጓደኞችን መኪና ስፈገፍግ ስንት ቅዳሜ እንዳለፈ እኔም አላውቅ። ብዙዎቹ ቪትዝና ኮሮላ ናቸው። ችግሩም ደግሞ ደጋግሞ ያው ነው።

መጀመሪያ አንድ ፍተሻ። መብራቱን ውሃ አርከፍክፉበት። እርጥብ ሳለ ጥርት ብሎ ታይቶ ሲደርቅ ተመልሶ ከደበዘዘ በሽታው ከውጭ ነው፤ ቤት ውስጥ ይድናል። ረጥቦም ያው ከሆነ ችግሩ ከውስጥ ነው። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይጠቅምም።

ከውስጥ ላብ ይዟል

ክረምት ሲገባ ይሄ ጥያቄ ይበዛል። ስስ ጉም ከሆነና መብራቱ በርቶ ሲቆይ ከጠፋ ተዉት። መብራቱ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ስላለው ያጋጥማል። ውሃ ከታች ከተጠራቀመ ግን ኮፈኑን ከፍታችሁ ከኋላ እዩት። ብዙ ጊዜ አምፖል የቀየረው ሰው የጀርባውን ላስቲክ መልሶ ሳይገጥመው ቀርቶ ነው። አንዴ ላስቲኩን ባትሪው ሥር ወድቆ አገኘሁት። ባለቤቱ አዲስ መብራት ሊገዛ ሶማሌ ተራ ሊሄድ ሲነሳ ነው የደረስኩት። አምፖሉን አውጥታችሁ ውስጡን አድርቁት፣ ላስቲኩን መልሱ። በቃ።

ውስጡ ጠቁሯል ወይም የብር ቅቡ ተልጧል

60/55 ዋት ለሚወስድ መብራት 100 ዋት አምፖል የከተተ ሰው ሥራ ነው። አይመለስም፤ ይቀየራል።

የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ

አንድ ሰው በቲነር ወይም በቤንዚን ወልውሎት ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለገባ ፍግፈጋ አያወጣውም።

ቢጫ ነው፣ ሲነኩት ይሻክራል

አሁን ወደ ዋናው መጣን።

የመብራቱ ፊት ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ጠጠር ቢመታው እንደ መስታወት አይረግፍም። ፀሐይን ግን አይችልም። ለዚህ ነው ፋብሪካው ስስ መከላከያ ሽፋን ቀብቶ የሚልከው። ያ ሽፋን ዕድሜ አለው። 10 ዓመት የዱባይ ፀሐይ ላይ ከርሞ እኛ ጋ ለመጣ መኪና፣ ሽፋኑ ጅቡቲ ሳይደርስ አልቋል በሉት። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን። 1000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ብርድ አለ ብላችሁ ፀሐይዋን አትናቋት።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤኤኤ የሚባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማህበር በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው ሙከራ፣ የደበዘዘ መብራት የአዲሱን 20 በመቶ ያህል ብርሃን ብቻ ሲሰጥ ተገኝቷል። ሲታደስ ወደ 70 በመቶ ተመልሷል። ማታ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ከአህያ ጋር የተፋጠጠ ሰው የልዩነቱ ትርጉም ይገባዋል።

እንግዲህ መብራት በጥርስ ሳሙና ይጠራል የሚባለው፣ የኮልጌቱ ነገር። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጋሼ፣ ለቦሎ ምርመራ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጠሩኝ። «ና እስቲ እይልኝ፣ አዲስ አደረግሁት» አሉ። ሁለት ትልልቅ የጥርስ ሳሙና ጨርሰውበታል። እውነትም ያበራል። «ጋሼ፣ ሽፋን ይቀባበት» ብላቸው «ተወው ልጄ፣ ሳሙናው እያለ» ብለው ሳቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከበፊቱ ብሶ ቢጫ ሆነ። ለምን? የጥርስ ሳሙና ውስጥ ረቂቅ መፋቂያ አለ። የላዩን ቆሻሻ ያነሳል፤ የቀረችውንም ጥቂት ሽፋን አብሮ ይዟት ይሄዳል። ፕላስቲኩ ራቁቱን ቀረ ማለት ነው።

ላቫጆም እንደዚያው ነው። በድሪል ፖሊሽ መትተው፣ አብለጭልጨው፣ ብር ተቀብለው ይልካሉ። ሽፋን የለም። የእህቴን መኪና ጭራሽ ድሪሉን አንድ ቦታ ላይ አቁመው ፕላስቲኩን በሙቀት አቅልጠውታል። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ደግሞ መብራቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ዘይት ቀብቶ የሚያቀርብ ሻጭ ሞልቷል። ዘይቱ ለአንድ ቀን ያጠራዋል።

በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። መብራቱን በሳሙና እጠቡ። ዙሪያውን፣ ኮፈኑንም ባምፐሩንም፣ በወረቀት ፕላስተር ሁለት ሦስት ዙር ሸፍኑ። አንድ ዙር አይበቃም፤ ብርጭቆ ወረቀት ፕላስተሩን ቀዶ ቀለም ላይ ሲደርስ አይታወቅም። በቁጥር 600 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ወረቀቱ ይለሰልሳል)። ሽፋኑ እየተላጠ ያለ ከሆነ 400። ውሃ ሳታቋርጡ፣ ጠብታ ሳሙና ጨምራችሁ፣ ወደ ጎን ብቻ ፈግፍጉ። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቢጫ ነው። ነጭ እስኪሆን አታቁሙ። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ሽፋን ጠርዝ ላይ ከቀረ ካርታ የመሰለ ነገር ይወጣባችኋል።

ከዚያ 1000፣ አሁን ወደ ላይና ወደ ታች። አቅጣጫ የምትቀይሩት የበፊቱ ጭረት መጥፋቱን ለማየት ነው። ከዚያ 1500፣ እንደገና ወደ ጎን። በየመሀሉ መብራቱንም እጃችሁንም ታጠቡ፣ ውሃውንም ቀይሩ። ከ600 የቀረች አንዲት ቅንጣት 1500 ላይ ብትገባ ወደ ኋላ ትመልሳችኋለች። ከ600 ዘሎ 2000 የሚገባ ሰው አለ። እርጥብ ሳለ ያምራል፣ ሲደርቅ ጭረቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ለእኔ ይደወላል።

አሁን መብራቱ ነጭ ጭጋግ መስሏል። አትደንግጡ። ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው መከላከያ ቅብ፣ የምታስረጩ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ፖሊሽ አትምቱት፤ ክሊር ልስልስ ያለ ነገር ላይ አይዝም፣ ጭረቱንም ራሱ ይሞላዋል። ክሊር የማታስረጩ ከሆነ 2000ና 3000 ጨምራችሁ በፖሊሽ አብሩት፣ ከዚያ ሰም ቀቡት። ሰሙን ግን በየሁለት ወሩ መድገም አለባችሁ። የሚደግም ሰው እስካሁን አላየሁም።

ክሊሩ ሀርድነር (ቅቡን የሚያጠነክር ድብልቅ) ያለው፣ ፀሐይ የሚከላከል ይሁን። ከመረጨቱ በፊት መብራቱን በአልኮል ጥረጉ። በቲነር አይደለም! በአሴቶንም አይደለም! ከጠረጋችሁ በኋላ በጣት አትንኩት፤ የጣት አሻራ ክሊሩ ሥር ተቀብሮ ይኖራል። መጀመሪያ ስስ ዙር፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። በአንዴ ማወፈር ያዘቅጠዋል።

ሀርድነሩ ሳንባ ይጎዳል። የኮቪድ ጊዜው የወረቀት ጭንብል ምንም አያደርግለትም። ልጆች ባሉበት ግቢ፣ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ አትሞክሩት። እኔ ፍግፈጋውን ቤት ጨርሼ መኪናውን ሰፈር ያለ ቀለም ቀቢ ጋ እወስደዋለሁ። እሱ ሙሉ ማስኩም መርጫውም አለው፣ የሁለት መብራት ርጭት ለሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፕላስተሩን አትንቀሉ ብቻ። በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ላቫጆ አትግቡ።

የጋሼን መኪና በመጨረሻ እንዲህ ሠራሁት። ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ እስካሁን ጥርት እንዳለ ነው። እሳቸው ግን አሁንም ለሰው የሚመክሩት ኮልጌት ነው።

አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ፣ ዓመት ሳይሞላው ቢጫ ሆነ

ኮፒ ነው። ሽፋኑ ለስሙ ነው ያለው። ርካሽ ስለሆነ ኮፒ ከገዛችሁ ገና በአዲስነቱ ክሊር አስረጩበት። የድሮውን ኦሪጅናል ደግሞ ለመካኒኩ ትታችሁ አትሂዱ። መብራቱ የሚታሰርበት እግር ካልተሰበረ ከኮፒው ይሻላል።

ላዳ ነው ያለኝ

የላዳ መብራት መስታወት ነው። ቢጫ አይሆንም፣ አይፈገፈግም። እጠቡት።