ፈንክሽን ፖይንተርን በሲ ቋንቋ በትክክል ስለመጠቀም

ፈንክሽን ፖይንተር የአንድን ፈንክሽን አድራሻ የሚይዝ ቫሪያብል ነው። ነገር ግን አድራሻ ብቻውን አይበቃም፤ ፈንክሽኑ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ ኮምፓይለሩ የሚያውቀው ከፖይንተሩ ታይፕ በመሆኑ፣ ታይፑ ከፈንክሽኑ ጋር ካልተስማማ ጥሪው ከመነሻው የተበላሸ ነው።

ፖይንተሩ ሲታወጅ ኮከብ ምልክቱና ስሙ አብረው በቅንፍ መታጠር አለባቸው፤ ቅንፉ ከቀረ የታወጀው ፖይንተር የሚመልስ ተራ ፈንክሽን ይሆናል። ይህን አጻጻፍ በየቦታው ከመደጋገም ታይፑን በታይፕዴፍ አንድ ጊዜ መሰየም እጅግ ይሻላል። አድራሻውን ለመስጠት የፈንክሽኑን ስም ያለ ቅንፍ መጻፍ ይበቃል፤ ቅንፍ ከተከተለው ግን ፈንክሽኑ እዚያው ይጠራና የሚተላለፈው ውጤቱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን የኪውሶርትን (አሬይን በቅደም ተከተል የሚደረድረው የሲ ላይብረሪ ፈንክሽን፣ qsort) ጉዳይ ቀረብ ብለን እንየው። ኪውሶርት የአሬዩን መነሻ፣ የአባላቱን ብዛት፣ የአንዱን አባል መጠን በባይት፣ በመጨረሻም ሁለት አባላትን የሚያወዳድር ፈንክሽን ይቀበላል። አወዳዳሪው ሁለት የኮንስት ቮይድ ፖይንተሮችን (የማንኛውንም ታይፕ ዳታ አድራሻ የሚይዙ፣ ዳታው ግን በእነሱ በኩል የማይቀየር) ተቀብሎ፣ የመጀመሪያው ካነሰ ከ0 በታች፣ እኩል ከሆኑ 0፣ ከበለጠ ከ0 በላይ የሆነ ኢንት መመለስ አለበት። ብዙዎች አወዳዳሪውን የኢንት ፖይንተር እንዲቀበል አድርገው ይጽፉና ኮምፓይለሩ ሲያስጠነቅቃቸው በካስት (ታይፑን በግድ በመቀየር) ዝም ያሰኙታል። ፕሮግራሙ በብዙ ማሽኖች ላይ ይሠራ ይሆናል፤ ሆኖም ፈንክሽንን በማይስማማ ታይፕ መጥራት ምን እንደሚያስከትል የሲ ስታንዳርድ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ትክክለኛው መንገድ ቮይድ ፖይንተሮቹን እንዳሉ ተቀብሎ፣ በፈንክሽኑ ውስጥ ወደ ኮንስት ኢንት ፖይንተር መቀየር ነው።

ውጤቱንም አንዱን ቁጥር ከሌላው በመቀነስ ማግኘት አደገኛ ነው፤ ኢንት 32 ቢት በሆነበት ማሽን ከ2147483647 ላይ -1 ሲቀነስ ውጤቱ ከኢንት አቅም በላይ ስለሚሆን ቅደም ተከተሉ ሊዛባ ይችላል። በዚህ ፈንታ «ይበልጣል» ከሚለው ንጽጽር ውጤት ላይ «ያንሳል» የሚለውን መቀነስ ይገባል፤ እያንዳንዱ ንጽጽር 0 ወይም 1 ብቻ ስለሚሰጥ መልሱ ከ-1፣ ከ0 ወይም ከ1 አይወጣም።

ገና አድራሻ ያልተሰጠው ፖይንተር ናል (ወደ ምንም የማያመለክት ባዶ ፖይንተር) ይደረግ፤ ናል ሊሆን የሚችል ከሆነም ከመጠራቱ በፊት ይፈተሽ። የተለያዩ ፈንክሽኖችን አድራሻ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ካስፈለገ፣ ፈንክሽን ፖይንተርን ወደ ቮይድ ፖይንተር መቀየር በስታንዳርዱ ዋስትና ስለሌለው፣ ወደ ሌላ የፈንክሽን ፖይንተር ታይፕ ቀይሮ ማስቀመጥና ከመጥራት በፊት ወደ ቀድሞ ታይፑ መመለስ ያስፈልጋል።