ቫምፓየሩ ሲለወጥ ተመልካች ለምን አያምነውም? ችግርና መፍትሔ

በክፉ ባላንጣነት ታሪኩን ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ውስብስብ ጸረ ጀግና (እንከኑ ብዙ ቢሆንም ተመልካች ወደሚከተለው ዋና ገጸ ባሕርይ) የሚለወጥ ቫምፓየር፣ ማለትም የሰው ደም የሚጠጣና ከፀሐይ የሚሸሽ ፍጡር፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ከሚሠሩ ጸሐፊዎች በሚደርሱኝ የተከታታይ ድራማ ረቂቆች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። ገጸ ባሕርይው የራሱ ፍላጎት፣ ፍርሃትና አነጋገር እንዳለው አስቀድማችሁ እንዳረጋገጣችሁ በመገመት በቀጥታ ወደ ብልሽቱ እገባለሁ።

ምልክት፦ በመጨረሻው ክፍል ሲያለቅስ ማንም አያዝንለትም

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ነው፤ ሟቾቹ ተረስተዋል። ጸሐፊው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ለማስፈራራት ሲል ሰው ያስገድላል፤ ቫምፓየሩ ማፍቀር ሲጀምር ግን የሟቾቹ ቤተሰቦች ከታሪኩ ይጠፋሉ። ስለ ደም መላሽ እየሰማ ያደገ ተመልካች ደግሞ የሟች ወንድም የት ገባ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

በአንድ ረቂቅ ቫምፓየሩ በሁለተኛው ክፍል የአንድ የፒያሳ ሕንፃ ዘበኛን ሚስት ይገድላል፤ በሰባተኛው ክፍል በዚያው ሕንፃ የምትኖር ሐኪም ወዶ ሲመላለስ ዘበኛው ከቀብሩ ወዲህ አንድም ጊዜ አይታይም። በሩን ማን እንደሚከፍትለት እንኳ አልታሰበበትም። ዘበኛውን ወደ ሥራው መለስነው፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳያውቅ በየምሽቱ «እንደምን አመሹ ጌታዬ» እያለ እንዲከፍትለት አደረግን። ቫምፓየሩ ያንን ሰላምታ መስማት አቅቶት በጓሮ አጥር መግባት የጀመረበት ትዕይንት፣ ቀድሞ ተጽፎ የነበረው ረጅም ኑዛዜ ያላሳየውን ጸጸት አሳየ።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሟች በስም መዝግቡ፤ ቢያንስ የአንዱንም ዘመድ ከለውጡ በኋላ ከገዳዩ ፊት አቁሙት። «በፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በ1997 እ.ኤ.አ. በባላንጣነት የገባው ቫምፓየር ስፓይክ፣ በ1977 ኒው ዮርክ ውስጥ ከገደላት ሴት የወሰደውን ካፖርት ለብሶ ይኖራል፤ ነፍሱን (በድራማው ቫምፓየሮች የሌላቸውን ሕሊና) መልሶ ካገኘ በኋላም የሟቿ ልጅ አድጎ ሊገድለው ይነሣል።

ማስጠንቀቂያ፦ የዘመዱን ይቅርታ በአንድ ትዕይንት አትጨርሱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቫምፓየሩ የተሻለ እንዲመስል ብላችሁ ዘመዱን ክፉ አታድርጉት፤ ይህ ግልጽ ስንፍና ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የልጅነቱን መከራ መተረክ ይቻላል፤ በሟቾቹ ምትክ ማቅረብ ግን አይቻልም። ከውጭ ድራማ የተቀዳ የፍቅር ኑዛዜ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ምልክት፦ መግደል ስላቆመ ብቻ መልካም ሆኗል ተብሏል

ምክንያቱ ልጓምን ከሕሊና ጋር ማምታታት ነው። ስፓይክ በ1999 ጭንቅላቱ ውስጥ የተቀበረ ቺፕ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ) ሰው ሊጎዳ ሲል በሕመም ያሰቃየው ነበር፤ እንዲህ ታስሮም እንኳ በ2002 የሚወዳትን ሴት ሊደፍር ሞከረ፤ ነፍሱን ፍለጋ በገዛ ፈቃዱ የሄደውም ከዚያ በኋላ ነው። ጥማቱን አታጥፉለት፤ ማንም በማያይበት ሌሊት መግደል የሚችልበትን ዕድል ስጡትና የሚመርጠውን አሳዩ።

ምልክት፦ ከተለወጠ በኋላ አሰልቺ ሆኗል

ቀልዱንና ኩራቱን መልሱለት።

ምልክት፦ ሌሊቱ ከአዲስ አበባ ጋር አይገጥምም

የአውሮፓን የበረዶ ወራት ረጅም ሌሊት ቀድታችኋል፤ እዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለምትወጣ፣ ወደ መደበቂያው የሚመለስበትን ሰዓት በዚያው ልክ አስተካክሉት።