ሴንሰር ለጥፎ ሆስፒታል የተኛ የስኳር ታካሚ ላይ የሚሰሩ ስህተቶች

እዚህ ቸርችል ጎዳና አካባቢ በምሰራበት ዋርድ ክንዱ ላይ ሴንሰር (ስኳርን ሌት ተቀን እየለካ ስልክ ላይ የሚያሳይ ትንሽ መሳሪያ) ለጥፎ የሚተኛ ታካሚ እየበዛ ነው፣ አብዛኛው ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ያመጣው። ደስ ይለኛል፣ ጣት ስንወጋ የማናየውን የሌሊቱን ስኳር ያሳየናል። የሚያንገበግበኝ ግን ያንን ቁጥር ብቻ አይቶ ኢንሱሊን መውጋት ወይ 40 ግሉኮስ (በደም ስር የሚሰጠውን 40% ግሉኮስ) መስጠት ነው።

ሴንሰሩ ደም አይለካም! የሚለካው ከቆዳ ስር ያለውን ፈሳሽ ነው፣ ስኳር ቶሎ ሲወጣ ወይ ሲወርድ ከደሙ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። በዚያ ላይ ታካሚው ክንዱ ላይ ከተኛበት ቁጥሩ በውሸት ይወርዳል። አንድ ሌሊት 52 ብሎ ጮኸ፣ አስታማሚዋ ልጃቸው ደንግጣ ለስላሳ ከፍታ አፋቸው ልታደርስ ስትል ደርሼ ጣታቸውን ወጋሁ፣ 134። አባባ በዚያው ጎናቸው ተኝተው ነበር፣ በቃ ይሄው ነው፣ ሲገላበጡ ሴንሰሩም ተስተካከለ። ስለዚህ እባካችሁ መጀመሪያ ጣት ውጉ። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይ ንግግሩ ከተምታታ ግን ግሉኮሜትር ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፣ መዋጥ ከቻለ ስኳሩን ስጡት።

ግፊቱ የወረደ ወይ ሰውነቱ ያበጠ ታካሚ ላይ ደግሞ በሴንሰር ዶዝ አይወሰንም።

የሴንሰሩ ቀስት ወደ ላይ ነው (ስኳሩ እየወጣ ነው) ብሎ ሬጉላር ኢንሱሊን ላይ ሬጉላር መደረብም አለ። የመጀመሪያው ገና ስራውን ሳይጨርስ (ከ6 ሰአት በላይ ሊቆይ ይችላል) በሁለት ሰአቱ ሌላ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ሌሊት 9 ሰአት ላይ ሁለቱ ተደርበው ያወርዱታል።

ከለንደን የመጣ ሴንሰር ስልኩ ላይ 11 ካለ ወረደ ማለት አይደለም፣ መለኪያው ሌላ ነው (የነሱ mmol/L፣ የእኛ mg/dL)፣ በ18 አባዙት፣ ወደ 200 ይጠጋል። ይሄን ለአስታማሚ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ብዙ ሰው በዚህ ደንግጧል።

አስታማሚ ሲቀያየር ስልኩን ይዞ ፒያሳ አይሂድ! ብሉቱዝ እንደ ሴንሰሩ ከ6 እስከ 10 ሜትር ቢደርስ ነው፣ ስልኩ ከሄደ አላርም የለም፣ ታካሚው አጠገብ ይቀመጥ።

ብዙ ቫይታሚን ሲ የሚወስድ ሰው ላይ ሊብሬ የሚባለው ሴንሰር ስኳሩን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፣ ጠይቁ።

ኤምአርአይ ከመግባቱ በፊት የሴንሰሩ መመሪያ ካልፈቀደ በቀር ሴንሰሩን አውልቁ፣ የወለቀበትንም ሰአት ቻርት ላይ ጻፉ፣ ተረኛው ሲመጣ ጣት መውጋቱን እንዲቀጥል።