የተጠቃሚን «ትርፍ ኢንተርኔት» ወደ ገቢ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና መለማመጃ አፔን በእሳቸው ስልክ ጭኖ ነበር። «አንተ ልጅ፣ የሳምንት ፓኬጅ ሰኞ ገዝቼ ማክሰኞ ማታ አለቀ። እሱ ፊልም አላየሁም ይላል፤ እኔ እንደሆንኩ ከኢሞ ሌላ የማውቀው የለ። ያንተ ነገር ከተጫነ ወዲህ ነው» አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ የዳታ አጠቃቀሙን ከፈትኩት። ጥያቄና መልስ ብቻ ያለው፣ ያለ ኢንተርኔት እንኳ የሚሠራው አፔ ከዩቲዩብ በላይ ተቀምጧል።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ኤስዲኬ (ሌላ ኩባንያ ሠርቶ አፕ ውስጥ እንዲገባ የሚሰጠው ዝግጁ ኮድ) ከትቼበት ነበር። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ አፑ ውስጥ የገባው ኮድ ከአቅራቢው ኩባንያ ሰርቨር ጋር መስመር ከፍቶ ይጠብቃል። የኩባንያው ደንበኛ፣ የተፎካካሪውን ዋጋ የሚከታተል መደብር ይሁን፣ ማስታወቂያው በየአገሩ መታየቱን የሚያጣራ ወይም ለኤአይ ማሠልጠኛ ጽሑፍ የሚሰበስብ ድርጅት፣ ድረ-ገጽ መክፈት ሲፈልግ ጥያቄው በእኚህ እናት ስልክ በኩል ይወጣል። ድረ-ገጹም የሚያየው የእሳቸውን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም መስመራቸው ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር ነው። ለአፑ ባለቤት በንቁ ተጠቃሚ ቁጥር ወይም ባለፈው ጊጋባይት ልክ ይከፈለዋል። ማስታወቂያ የሌለበት ገቢ ስለሆነ ያጓጓል። ተጠቃሚው አውቆና ፈቅዶ ከሆነ እኔም አልቃወመውም፤ እኔ ግን ያን አላደረግሁም።

ትርፍ ያልሆነውን ትርፍ ማለት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። የኤስዲኬው መመሪያ የተጻፈው ቤቱ ያልተገደበ መስመር ላለውና በወር አንዴ ከፍሎ ለሚረሳ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ተኝቶ ሳለ መስመሩ በእርግጥም ትርፍ ነው። ጎንደር ውስጥ ያለው የእኔ ተጠቃሚ ግን የቀን ወይም የሳምንት ፓኬጅ ገዝቶ ሜጋባይት እየቆጠረ ነው የሚኖረው። ያልተጠቀመበት ሜጋባይት ለነገ ያስቀመጠው ነው። አንድ አፕ በቀን 150 ሜጋባይት ብቻ ቢያሳልፍ በወር 4.5 ጊጋባይት ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከሰው ኪስ የወጣ ብር ነው።

«ዋይፋይ ላይ ሲሆን ብቻ» የሚል ማስተካከያ ነበረው። እኔ ጋ ሲመጣ ጠፍቶ ነበር፤ አላበራሁትም። ብቻውን ቢበራም አይበቃም። ወንድምየው ሆትስፖት ከፍቶ ሲያጋራ የእህትየው ስልክ የሚያየው ዋይፋይ ነው፣ የሚቆጥረው ግን የወንድምየው ፓኬጅ ነው። አንድሮይድ የተያያዘበት ኔትወርክ በልክ የሚከፈልበት መሆን አለመሆኑን ለአፑ ይነግረዋል። መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፣ የዋይፋይ ምልክቱ አይደለም። ከዚያ በላይ የቀን ጣሪያ ማስቀመጥ፣ ስልኩ ቻርጅ ላይ ካልሆነ አለማስነሳት።

ፒያሳ ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ አዝዞ ግማሽ ቀን የሚያጠና ተማሪ ደግሞ አለ። እሱ «እሺ» ቢልም መስመሩ የካፌው ነው። የዶርም፣ የመሥሪያ ቤት፣ የሆቴል ዋይፋይም እንዲሁ። ለዚህ ሙሉ መፍትሔ አላገኘሁም፤ ቢያንስ ተጠቃሚው ራሱ «ይህ የቤቴ መስመር ነው» ብሎ በስም በመረጠው ኔትወርክ ላይ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። አቅራቢው ይህን ካልፈቀደ፣ ጉዳዩ ለእሱ ምን ያህል እንደሚገደው ከዚያ ይታያል።

ፈቃዱን በጨርቅ መሸፈን

የመጀመሪያው የፈቃድ ገጼ እንዲህ ይል ነበር፦ «አገልግሎታችንን ለማሻሻል የመሣሪያዎን የኔትወርክ አቅም እንድንጠቀም ይስማማሉ?» ከሥሩ ትልቅ አረንጓዴ «እሺ»፣ ጥግ ላይ ደግሞ ለዓይን የማይታይ ግራጫ «በኋላ»። ውሸት የለበትም ብዬ ራሴን አሞኝቼ ነበር። ለመሆኑ ማን ገባው? ማንም።

አሁን ብጽፈው እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ይህ አፕ ያለ ማስታወቂያ በነፃ እንዲቀጥል፣ ስልክዎ ቻርጅ ላይ ሆኖ ሳይጠቀሙበት ሲቀር ሌሎች ድርጅቶች በእርስዎ ኢንተርኔት በኩል ድረ-ገጽ ይከፍታሉ። ድረ-ገጾቹ የሚያዩት የእርስዎን አይፒ አድራሻ ነው። በቀን ከ50 ሜጋባይት አይበልጥም። በዚህ ገንዘብ እናገኛለን። በፈለጉ ጊዜ ከማስተካከያው ያጠፉታል።» ከሥሩ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ቁልፎች፦ «እስማማለሁ» እና «አልስማማም፣ ማስታወቂያ ይታየኝ»። «በዚህ ገንዘብ እናገኛለን» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አቅራቢዎች አይወዷትም። ሰው ግን ከሌላው ሁሉ ይልቅ እሷን ነው የሚረዳው።

አልስማማም ያለውን ሰው አፑ በተከፈተ ቁጥር መነዝነዝም ያው ማስገደድ ነው። የማጥፊያው ቁልፍም ስድስት ገጽ ታች መቀበር የለበትም።

የፈቀደው ማን እንደሆነ አለመጠየቅ

በእናትየው ስልክ «እሺ»ን የነካው የ17 ዓመቱ ልጅ ነው። በሕጋችን 18 ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን አላደረሰም፤ ስልኩም ፓኬጁም የእሱ አይደሉም። አፑ ለተማሪ፣ ለሕፃናት ወይም ለጨዋታ ከሆነ ይህን ገቢ ይርሱት። ከልምዴ ያወጣሁት ደንብ ይኸው ነው፣ ድርድር አላበጀሁለትም።

የአቅራቢውን ደንበኞች አለመመርመር

የሰው አይፒ ለሌላ ሰው ሲከራይ በዚያ አድራሻ የሚሠራው ነገር ሁሉ የባለቤቱን ስም ይዞ ይሄዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሆላ የተባለው ነፃ ቪፒኤን (የተጠቃሚውን አይፒ በሌላ የሚሸፍን አፕ) የተጠቃሚዎቹን መስመር ሉሚናቲ በተባለ አገልግሎት በኩል ሲሸጥ እንደነበር ሲታወቅ ብዙ ሰው ደነገጠ። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ሂዩማን የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ጉግል ፕሌይ ላይ 28 አፖች ስልኮችን በስውር ፕሮክሲ (የሌላ ሰው የኢንተርኔት ጥያቄ ማለፊያ) ሲያደርጉ እንዳገኘ አሳወቀ፤ አብዛኞቹ ነፃ ቪፒኤን ነን ባዮች ነበሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 911 ኤስ5 የተባለውን መረብ በተነ። ከ19 ሚሊዮን በላይ አይፒ አድራሻ የተጠለፈበት ሲሆን፣ ወደ ሰው ኮምፒውተር የገባውም በነፃ ቪፒኤን በኩልና ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተደብቆ ነው።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት፦ ደንበኞቻችሁን ማንነታቸውን አጣርታችሁ ነው የምትቀበሉት? ኢሜይል መላኪያና የባንክ ገጾች ታግደዋል? የትኛው ጥያቄ በማን እንደተላከ መዝገብ ትይዛላችሁ? ቅሬታ ሲመጣ ማን ነው መልስ የሚሰጠኝ? እኔ እነዚህን የጠየቅኩት ካወጣሁት በኋላ ነው። የመጣልኝ መልስ ለሁሉም የሚላክ የተዘጋጀ ደብዳቤ ነበር።

ሕጉንም ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አይቻልም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አሉ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ 761/2004 ደግሞ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን በወንጀል ያስጠይቃል። የእናንተ አሠራር እዚያ ይግባ አይግባ ለሕግ ባለሙያ ከፍሎ መጠየቅ ያዋጣል፤ የቴሌግራም ግሩፕ ለዚህ አይሆንም።

ፖሊሲውን ሳያነቡ ፕሌይ ላይ መጫን

የጉግል ፕሌይ ደንብ ግልጽ ነው፦ ለሦስተኛ ወገን የፕሮክሲ አገልግሎት መስጠት የሚፈቀደው የአፑ ዋና፣ ለተጠቃሚው የሚታይ ሥራ ያ ሲሆን ብቻ ነው። የፈተና መለማመጃ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የእጅ ባትሪ አፕ ውስጥ ደብቆ ማስገባት አካውንት ያዘጋል። እኔ ያመለጥኩት በብልጠት አይደለም። ፕሌይ ላይ ማሻሻያ እስኪጸድቅ መጠበቅ ሰልችቶኝ በቴሌግራም በምናሰራጨው ኤፒኬ (ከፕሌይ ውጭ በቀጥታ የሚጫን የአፑ ፋይል) ላይ ብቻ ስለከተትኩት ነው።

ብሩን ቀድሞ መቁጠር

ተጠቃሚ ሲባዛ በዶላር አስልቼ ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። ሦስት ነገር ረሳሁ። ክፍያው እንደ አገር ይለያያል፤ ተፈላጊ የሆኑት የአሜሪካና የአውሮፓ አድራሻዎች ናቸው። በሞባይል ዳታ ደግሞ ብዙ ሰው አንድ የውጭ አይፒ ስለሚጋራ፣ ሺህ ስልክ ሺህ አድራሻ አይሆንም። ያ የጋራ አድራሻ አንዴ ከተበላሸም አፔን አይቶት የማያውቅ የአዘዞ ሰው «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» እየተባለ ይንገላታል። ሦስተኛው፣ ኢንተርኔቱ ራሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር እዚህ የሚኖር ሰው አይረሳውም። እንዲህ ባለ ቦታ በንቁ ተጠቃሚ ቁጥር ላይ ብቻ የቆመ ገቢ ደመወዝ አይከፈልበትም።

ዝቅተኛውን የመክፈያ መጠንና በምን መንገድ እንደሚልኩ አስቀድመው ይጠይቁ። ኤስዲኬውን አውጥቼ አዲሱን ኤፒኬ ከለጠፍኩ ቆየሁ፤ የሦስት ሳምንቱ ገቢ ግን ወለሉን ስላልደረሰ ዛሬም ሒሳቤ ላይ ይታያል እንጂ አይወጣም። ለእኚያ እናት የገዛሁላቸው የወር ፓኬጅ ይበልጠዋል።