ቡስተር ያለው አንቴና ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ባለ ቡስተር (ሲግናል ማጉያ) አንቴና አልሠራ ሲል የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ጣሪያ ላይ መውጣት ነው። ቆይ፣ አትውጡ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ታች፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡስተሩ የሚታሰረው ላይ፣ አንቴናው አጠገብ ነው። ለመሥራት ከረንት ይፈልጋል። ከረንቱ የሚደርሰው ደግሞ ምስሉ በሚመጣበት በዚያው ኬብል ነው። ሲግናሉ ይወርዳል፣ ከረንቱ ይወጣል። ታች ያለው አዳፕተርና አብራው የምትመጣው ትንሽ ሳጥን ሥራቸው ከረንቱን ኬብሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ሳጥኗን መጋቢ እንበላት። ይህን መንገድ ከያዛችሁ ግማሹን ችግር ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ሲገጠም

አንቴናውን ከኤሌክትሪክ መስመር አርቃችሁ ትከሉ፤ ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ መስመሩን እንዳይነካ። ፊቱ ወደ ማሰራጫው ይዙር። ዘንጎቹ የሚጋደሙት ወይም የሚቆሙት እንደ ማሰራጫው ነው፤ በአካባቢው ጥሩ የሚሠራ አንቴና ካለ እሱን ማየት ይበቃል። አዳፕተሩን ሶኬት ላይ የምትሰኩት ሁሉም ኬብል ከታሰረ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው።

ምንም ቻናል የለም

መጀመሪያ አዳፕተሩ ከረንት እያገኘ መሆኑን እዩ። ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ የሚመገብ ከሆነ ቀዳዳው በቂ ከረንት ላይሰጥ ይችላል፤ በሌላ የዩኤስቢ ቻርጀር ሞክሩት። ከሪሲቨሩ የሚመገብ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ የአንቴና ኃይል የሚል ምርጫ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ነው። ጠፍቶ ከሆነ አብሩት። ግን ቡስተሩ የሚፈልገው 12 ቮልት ከሆነ 5 ቮልቱ አያስነሳውም።

ከዚያ መጋቢዋን ገልብጣችሁ እንዳልገጠማችሁ አረጋግጡ። አንዱ አፏ ወደ አንቴና፣ ሌላው ወደ ቴሌቪዥን ነው። ከተገለበጠች ከረንቱ ወደ ላይ አይሄድም። ከረንት ያጣ ቡስተር ደግሞ ዝም ብሎ ሲግናል የሚያሳልፍ እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹ ይዘጉታል። «ቡስተር ሳይኖር ትንሽ ይታይ ነበር፣ ከገጠምኩት ወዲህ ጭራሽ ጠፋ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ስፕሊተር፣ ማለትም ሲግናሉን ለብዙ ቴሌቪዥን የሚያካፍል ዕቃ፣ ካለም ቦታውን እዩ። በመጋቢዋና በቡስተሩ መሃል ከገባ ከረንቱን ሊያቆመው ይችላል፤ በአንድ አፉ ብቻ የሚያሳልፍም አለ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ስፕሊተሩን ከመጋቢዋ በኋላ፣ ወደ ቴሌቪዥኖቹ በኩል አድርጉት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) አምጡ። ኬብሉን ከመጋቢዋ ንቀሉና ወደ አንቴና የሚሄደውን አፏን ለኩ፤ አንዱን ጫፍ መሃሉ ላይ፣ ሌላውን ዙሪያው ላይ። ቮልት ከሌለ አዳፕተሩ ወይም መጋቢዋ ሞታለች። ቮልት ካለና ኬብሉ ሲታሰር ወደ ዜሮ ከወረደ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ኬብሉ ታስሮም ታች ቮልት እያለ ላይኛው ጫፍ ላይ ከሌለ ኬብሉ ተበጥሷል።

ሾርቱን ፍለጋ ከኮኔክተሩ፣ ማለትም ከኬብሉ ጫፍ ማያያዣ፣ ጀምሩ። ፍቱትና ብርሃን ላይ ያዙት። የኬብሉን ዙሪያ ከሸፈነው የሽቦ መረብ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር አምልጣ መሃል ያለውን መዳብ ነክታ ታገኟታላችሁ። ያቺ ክር ብቻዋን ሁሉን ነገር ታቆማለች። ጫፉን ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩት፦ መረቡ ወደ ኋላ ይታጠፍ፣ ነጩ ፕላስቲክ ከኮኔክተሩ ውስጠኛ ወለል ጋር እኩል ይሁን፣ መዳቡ ከኮኔክተሩ ከንፈር 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይውጣ።

ሲግናሉ ከፍተኛ፣ ጥራቱ ዝቅተኛ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሪሲቨሩ የሚያሳየው ሁለት መስመር ነው፦ ጉልበትና ጥራት። ቡስተር ጉልበቱን ይጨምራል። አንቴናው የለቀመውን ሲግናል ጥራት ግን አይጨምርም፤ አብሮ የተለቀመውን ረብሻም ያጎላል። 20 ዲሲቤል የሚያጎላ ቡስተር ኃይሉን 100 እጥፍ ያደርጋል፤ ረብሻውንም ያው 100 እጥፍ። አንቴናው ያልያዘውን ጣቢያ ከየትም አያመጣውም።

ማሰራጫው ቅርብ ከሆነ ደግሞ ቡስተሩ ራሱ ነው ችግሩ። ሲግናሉ በዝቶ ይጨናነቃል፤ ምስሉ ይሰባበራል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ለማወቅ ቡስተሩንም መጋቢዋንም አውጥታችሁ አንቴናውን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙ። ከተሻለ፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቡስተር አያስፈልጋችሁም። ማስተካከያ ቁልፍ ያለው ከሆነ ግን መጀመሪያ ማጉያውን ቀንሳችሁ ሞክሩ።

የሞባይል ማማ አጠገብ ከሆናችሁም እሱን ጠርጥሩ። በብዙ አገር ከ694 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው የድሮ የቴሌቪዥን ሞገድ ለሞባይል ተሰጥቷል። ቡስተሩ ያንንም ያጎላል። መፍትሄው የሞባይል ማጣሪያ ነው። የሚገባው ግን ከቡስተሩ በፊት፣ በአንቴናው በኩል ነው። ሪሲቨሩ ጀርባ ከሰካችሁት ቡስተሩ አስቀድሞ ተጨናንቋል።

ዝናብ ሲመጣ ይቆራረጣል

ብዙ ጊዜ ኮኔክተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ከረንት በሚያልፍበት ኬብል ላይ ውሃ ሲጨመር መዳቡ ቶሎ ይበላል፤ ስትፈቱት አረንጓዴ ዝገት ታያላችሁ። ማድረቅ ብቻውን አይበቃም። የሚያብለጨልጭ መዳብ እስኪወጣ ድረስ ቆርጣችሁ አዲስ ኮኔክተር ሥሩና በውሃ መከላከያ ቴፕ ጠቅልሉት። ኬብሉ ቤት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ይርገብ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠብ።

ጥቂት ቻናል ብቻ ጠፋ

ከሁሉ በፊት እንደገና ሰርች አድርጉ፤ ጣቢያዎች ሞገድ ይቀይራሉ። ሰርች ስታደርጉ ሴቲንጉ አንቴና ላይ እንጂ ኬብል ላይ እንዳይሆን። ካልመጣ የአንቴናውን ዓይነት እዩ። ዩኤችኤፍ (ከፍ ያለውን የቴሌቪዥን ሞገድ) ብቻ የሚይዝ አጭር ዘንግ ያለው አንቴና የቪኤችኤፍ (ዝቅ ያለው ሞገድ) ጣቢያን በደንብ አይዝም።

መብራት ሲበራ ይረበሻል

ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና ቻርጀር ረብሻ ይለቃሉ። አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ጥፋተኛውን ፈልጉ።

አዲስ ቡስተር ለመግዛት አትቸኩሉ። ቀድሞ የሚደክመው ብዙ ጊዜ አዳፕተሩ ነው። ሳይጫንበት ሲለካ ትክክለኛውን ቮልት ያሳይና ቡስተሩ ሲታሰርበት ይወርዳል፤ ስለዚህ እንደታሰረ ለኩት። ስትቀይሩት ቮልቱም የፖዘቲቭና የኔጌቲቩም አቀማመጥ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፤ አምፔሩ ግን ቢበልጥ ችግር የለውም።