የቡና ማድረቂያ አልጋን ሙቀት በኢኤስፒ32 መለካት

ጅማ ተቀምጦ ኢምቤድድ ሲስተም (በዕቃ ውስጥ የሚገጠም ትንሽ ኮምፒውተር) የሚማር ሰው አምፖል ብልጭ ድርግም ሲያደርግ መክረም የለበትም። ከጥቅምት ጀምሮ አጋሮና ሊሙ አካባቢ ቡናው እንዲደርቅ አልጋ ላይ ይሰጣል። የታጠበ ቡና ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ይመከራል፤ ፀሐዩ ሲከር መቼ እንደሚሸፈን ለመወሰን ሙቀቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

የሚያስፈልገው አንድ የኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ያለው፣ በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ውሃ የማያስገባ ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር፣ የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ)፣ ብሬድቦርድ፣ ጃምፐር ሽቦና መልቲሜትር ነው። መልቲሜትሩን አትዝለሉት።

አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ሽቦ ወደ 3.3 ቮልት፣ ጥቁሩ ወደ ግራውንድ፣ ቢጫው ወደ ፒን 4 ይገባል። ቀለሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ከሻጩ አረጋግጡ። ሬዚስተሩ በፒን 4 እና በ3.3 ቮልት መካከል ይቀመጣል። ሴንሰሩ የመረጃ መስመሩን (ቢጫውን ሽቦ) ወደ ዜሮ ቮልት መጎተት እንጂ ወደ ላይ መመለስ አይችልም፤ የሚመልሰው ሬዚስተሩ ነው። ከ34 እስከ 39 ያሉትን ፒኖች አትጠቀሙ፤ መቀበል እንጂ መላክ አይችሉም፣ ሴንሰሩ ደግሞ ካልተጠየቀ አይመልስም። ፒን 12ም ቢቀር ይሻላል፤ ቦርዱ ሲነሳ ይህ ፒን ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከተገኘ ላይነሳ ይችላል።

ሲሪያል ሞኒተር (ቦርዱ የሚልከው ንባብ ኮምፒውተር ላይ የሚታይበት መስኮት) ላይ −127 ከመጣ ሴንሰሩ አልመለሰም ማለት ነው፦ ሽቦ ላልቷል፣ ወይም ሬዚስተሩ የለም። 85 ከመጣ ደግሞ መብራት ሲያገኝ የሚይዘው መነሻ ቁጥር ነው፤ በ12 ቢት ጥራት ልኬቱ እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ ኮዱ ሳይጠብቅ አንብቧል ወይም ኃይሉ ተቋርጦ ተመልሷል። የምታስተምሩ ከሆነ ተማሪው ራሱ ሬዚስተሩን ነቅሎ −127ን ይይ። ብልሽቱን በእጁ የፈጠረ ተማሪ ሌላ ቀን ሲያገኘው ያውቀዋል።

ቀጥሎ ማመሳከር። ተፈጭቶ ትንሽ ውሃ የገባበት በረዶ ውስጥ ሴንሰሩን ነክራችሁ እያማሰላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከ0 ዲግሪ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ መሆን አለበት። በሚፈላ ውሃ መፈተን የሚወድ ሰው 100ን እንዳይጠብቅ፤ በጅማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሴንሰሩ ደህና ሆኖ ሳለ ተበላሽቷል ተብሎ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ኃይል ላይ ነው። ፓወር ባንክ ቦርዱ ሲተኛ (በልኬት መካከል ኃይል ለመቆጠብ ሥራ ሲያቆም) የሚወስደው ከረንት ስለሚያንሰው ይዘጋል፤ ጠዋት የተተከለው መሣሪያ ከሰዓት ሞቶ ይገኛል። አንድ የሊቲየም ባትሪም 5 ቮልት ፒኑ ላይ አይበቃም፤ በብዙ ቦርዶች ላይ ያለው ሬጉሌተር (ቮልቱን ወደ 3.3 የሚያወርደው ክፍል) ወደ 1 ቮልት ስለሚበላ ለኢኤስፒ32 የሚተርፈው ከ3.3 በታች ነው፣ ዋይፋይ ሲነሳ ቦርዱ ራሱን ያስነሳል። 4 አልካላይን ድንጋይ በተከታታይ አስራችሁ፣ 6 ቮልቱን በ5 ቮልት ፒን አስገቡ፤ በዚያው ጊዜ ዩኤስቢ አትሰኩ። ሲተኛ የሚወስደውን በመልቲሜትር ለኩ። 10 ሚሊ አምፔር ከሆነ፣ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ድንጋይ 200 ሰዓት፣ ማለትም ከ8 ቀን ትንሽ በላይ ይቆያል። በየ10 ደቂቃው አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል፤ ዋይፋዩ ይጥፋ።

አልጋው ላይ የሴንሰሩ ጫፍ ከቡናው መሃል ይቀበር እንጂ ፀሐይ አይምታው፤ ብረቱ ብቻውን ይግልና ውሸት ያነባል። ቡናው በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚገላበጥ ገመዱን ከአልጋው እንጨት ጋር እሰሩት፣ ትንሽ ላላ አድርጋችሁ።

ቦርዱ በተኛ ቁጥር በኮዱ ውስጥ ያሉ ተራ ተለዋዋጮች (ቫሪያብሎች) ይጠፋሉ፤ ንባቡ ወደ ፍላሽ፣ ማለትም ኃይል ቢቋረጥም ወደማይጠፋው የቦርዱ ማህደረ ትውስታ ይጻፍ። የቦርዱ ሰዓትም ኃይል ሲቋረጥ ከዜሮ ይጀምራልና የተተከለበትን ሰዓት ወረቀት ላይ መዝግቡ፤ በእኛ 6 ሰዓት ይሁን ወይስ በፈረንጅ 12፣ አንዱን መርጣችሁ በሰዓቱ ዓምድ ራስ ላይ ጻፉት።