ባለ አንድ ጎን ቢላ ሲሳል የሚሠሩ ስህተቶች

ጣና ዳር አሳ ሲበለት ቆሞ ያየ ሰው አሳሳሉን ያውቀዋል፤ ቢላው ሲዶለዱም በሞረድ ግራና ቀኝ ሸርተት ሸርተት ይደረግና ወደ ቀጣዩ ቆሮሶ ይታለፋል። ለተራ ቢላ አይከፋም። በአንድ ጎኑ ብቻ ለተሳለ ቢላ ግን ጥፋት ነው። እኔ የምሠራበት ወጥ ቤት አንድ እንግዳ ትቶልን የሄደ የጃፓን ዴባ አለ፤ ለአሳ የተሠራ ባለ አንድ ጎን ቢላ፣ ጀርባው ወፍራም። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራሁት በእሱ ላይ ነው።

የአናፂ መሮ የሚያውቅ ሰው ቅርጹ አይጠፋውም። አንዱ ጎን ተዳፋት፣ ሌላው ልሙጥ ነው። የዴባው ልሙጥ ጎን ደግሞ መሐሉ በጥቂቱ ስለሚጎደጉድ መሳያ ድንጋይ ላይ ሲተኛ የሚነካው ዳር ዳሩ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ልሙጡን ጎን እንደ ተዳፋቱ መሳል ነው። ቢላውን በዚያ በኩል ትንሽ እንኳ ቀና ካደረጉት ሌላ ተዳፋት ይወጣል፤ ያንን ለማጥፋት ደግሞ ከተዳፋቱ በኩል ብዙ ብረት መብላት ግድ ነው። የሚሳለው ተዳፋቱ ነው። ልሙጡ ሙሉ በሙሉ ይተኛል፤ በለስላሳው ድንጋይ ላይ፣ ሳይጫኑት፣ ሦስት አራት ጊዜ፣ አለቀ። ለምን ይነካል ከተባለ፣ ተዳፋቱ ሲሳል ወደዚህኛው ጎን የምትታጠፈውን ሸካራ ጠርዝ ለማንሳት ብቻ ነው።

እሷን ሸካራ ጠርዝ ሳይጠብቁ ድንጋይ መቀየርም ሌላው ስህተት ነው። እኔ 1000 ቁጥር ድንጋይ ላይ (ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይለሰልሳል) ትንሽ ሠርቼ ወደ 3000፣ ከዚያ ወደ 6000 እሮጥ ነበር። ቢላው እንደ መስታወት ያበራል፤ ቲማቲም ግን አይቆርጥም። አሁን አውራ ጣቴን በልሙጡ በኩል ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ቀስ አድርጌ አወጣዋለሁ (በስለቱ ርዝመት በፍጹም አይሄድም!)። ከእጀታው እስከ ጫፉ ሸካራዋ ጠርዝ ጣት ከያዘች ወደ ቀጣዩ ቁጥር አልፋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ጫፉ ነው። ተዳፋቱን በማርከር ቀብተው ሁለት ጊዜ ቢያስኬዱት ድንጋዩ የዘለለው ቦታ ቀለሙ ሳይለቅ ይታያል።

የጎደጎደ ድንጋይ። አሥር ቢላ የተሳለበት ድንጋይ መሐሉ ይሰረጉዳል፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ቀጥ ያለ ተዳፋት አይወጣም። ካርታቬትራ ወፍራም መስታወት ላይ አንጥፎ፣ ውሃ እያፈሰሱ ድንጋዩን ማስተካከል ነው። ድንጋዩ ላይ አስቀድመው የእርሳስ መስመሮች ያስምሩ፤ ሁሉም ሲጠፉ ተስተካክሏል። ሀይቁ ዳር የሚለቀመው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ ለመጥረቢያ ይሁን፤ ለዚህ አይሆንም።

ግራይንደር ላይ ዝም ብል ይሻለኛል። ጫፉ ተሰብሮ ብየዳ ቤት ወሰድኩት፤ በአንድ ደቂቃ ቅርጹ ተስተካከለ፣ ጫፉም ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊ ሆነ ማለት ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ ጥንካሬውን አጥቷል ማለት ነው። ያ ጫፍ እስከዛሬ ከሌላው ቀድሞ ይዶለዱማል።

በመጨረሻ ስለቱን ቆዳ ላይ ሲያጠሩ የሚሠራው ስህተት ኃይል ነው። ለስላሳ ቆዳ ላይ ተጭነው ሲያሹት ቆዳው ስለቱ ላይ ጠምዘዝ ይልና ያደበዝዘዋል። ቆዳውን ጣውላ ላይ ለጥፈው፣ ቢላውን በጀርባው አቅጣጫ ብቻ እየጎተቱ፣ በራሱ ክብደት ያስኪዱት።

ከመጠን በላይ ማቅጠንም አለ። እንደ ምላጭ የቀጠነ ስለት የቆሮሶ ጎድን ሲያገኝ ይፈረፈራል። መፍትሔው ተዳፋቱ በኩል ብቻ፣ በመጨረሻ፣ ቢላውን ጥቂት ቀና አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ማስኬድ ነው። በዓይን የማትታይ ጠባብ ዳር ትወጣለች፤ አጥንቱን የምትችለው እሷ ናት።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ ቢላው የቀኝ ወይም የግራ ነው። የእኛ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። ግራኙ ባልደረባዬ ሲይዘው ስጋው ላይ ወደ ጎን እየሸሸ ያስቸግረዋል፤ እሱም «ይሄ ቢላ ይጠላኛል» ይላል። አሁን እሱ አምባዛውን በተራው ቢላ ይበልታል፣ ዴባውን ደግሞ እኔ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀብቼ አስቀምጣለሁ፤ የካርቦን ብረት ስለሆነ እርጥብ ካደረ ጠዋት ዝጎ ነው የሚገኘው።